በስምንት ሰዓት ነይ

ማታ ማታ ይጮሃል የኔ ኮምፒውተር፣
ሳቢያን፣ ባንድ ክፍል፣ በቆርቆሮው ሥር።
የፍርድ ቤት ቃል ነው የምገለብጠው፣ በድምፅ የመጣ፣
ምስክር ሲያመነታ፣ ዳኛ ሲቆጣ፤
የግራው በሞተ ማዳመጫ ሰምቼ እጽፋለሁ፣
በገጽ ነው የሚከፈለኝ፣ ገጽ እቆጥራለሁ።

ሦስተኛው ገጽ ላይ ትነሳለች የፕሮሰሰሩ ማራገቢያ፤ እሷ!
መዳፍ አታክልም፤ የወፍጮ ነው ድምጿ።
ሙራድ ፊቱን ወደ ግድግዳ መልሶ ይተኛል፣
አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የሲሚንቶው መኪና ይወስደዋል።
አንድም ቀን ክፉ አልተናገረኝ። እኔ ግን አፍራለሁ፤
እንቅልፉን በገጽ ሸጥኩት እላለሁ።

ታይዋን ወረድኩ። ደጁ ሁሉ ጩኸት ነው፣
ባጃጁ፣ ሎተሪው፣ በማይክ ጫማ የሚሸጠው ሰው።
ጃማ ሮብሌ ሦስት ማቀዝቀዣ ደረደረ፣
አቧራቸውን በእጅጌው ጠርጎ ተናገረ፦
«ይሄ ዝም ያለ ነው፤ ይሄ ከዚያ ይበልጥ ዝም፤
ይሄኛውማ፣ እህቴ፣ መኖሩንም አታውቂም።»
«አሰማኛ!» አልኩት።
ሳቀ። «ዝምታ ይሰማል እንዴ?
እዚህ ሰፈር ሲጮህ አይሰማኝም የገዛ ሆዴ።
በስምንት ሰዓት ነይ።
ያኔ ድሬ ትተኛለች።»

ስምንት ሰዓት። ሱቆቹ ከንፈራቸውን ገጥመዋል፣
ፍየሎቹ ሳይቀሩ የጥላ ወረፋ ይዘዋል፤
የደቻቱ አሸዋ ውኃ ካየ ሰነበተ፣
ሰዉም ከነጫቱ ቤቱ ገብቶ ከተተ።
ጃማ በሩን ገርበብ አድርጎ የባጃጅ ባትሪ አወጣ፣
ሽቦ አገናኝቶ ተራ በተራ ነፍስ አስመጣ።

አንደኛዋ ታፏጫለች፤ ቀጭን፣ ችኩል፣
እንደ አዲስ ሹም፣ ከሥራዋ ወሬዋ እኩል።

ሁለተኛው ክንፍ የለውም፤ መዳብና አሉሚኒየም፣ በቃ።
ጆሮዬን አስጠጋሁት፦ የምር ጭጭ ያለ ዕቃ።
ልወስደው እጄን ስዘረጋ ጃማ ራሱን ነቀነቀ፦
«ይሄ ለሐረር ሰው ነው። እዚህማ ነፋስ ካላገኘ አለቀ።»

ሦስተኛው ሰፊ ነበር፣ የሰሃን ያህል ክንፉ።
ቀስ ብሎ ዞረ።
ደረሰኝ ባስጠጋው ተርገበገበ ጫፉ።
ትልቅ ክንፍ፣ ትንሽ ዙር፤ ምሥጢሩ ይኸው ነበረ፤
ነፋሱ መጣ፣ የነፋሱ ወሬ ግን ቀረ።
ከፈልኩ።
የመቶ አርባ ገጽ ምስክርነት።

ቤት ስደርስ ቁመቱ ከሳጥኑ በለጠ፣
በሁለት ጣት! የጎኑ ክዳን አልዘጋም ብሎ አፈጠጠ።
«ጆሮሽን ይዘሽ ሄደሽ ሜትር ረሳሽ?» ሙራድ ሳቀ፤
ክዳኑንም ወስዶ ጣሪያው ላይ፣ በሚያፈሰው በኩል አጠበቀ።
ነጩን ቅባት የምስር ፍሬ ያህል ጠብ አደረግሁ፣
አራቱን ብሎን በሰያፍ፣ ጥቂት በጥቂት፣ አሰርሁ።

ሌሊት። ገጽ ሦስት። ገጽ አሥር። ምንም።
ክንፉ ሲዞር በዓይኔ አየሁት እንጂ አልሰማሁትም።
ታፍኖ የኖረው ሁሉ ተራውን ይዞ መጣ፦
የጎረቤት ቧንቧ፣ ጠብታ በጠብታ የሚወጣ፣
የቀኑን ትኩሳት እያራገፈ የሚንቋቋው ጣሪያ፣
አንዲት ውሻ፣ ከባቡር ጣቢያው ወዲያ።

ከዚያ፣ ከጀርባዬ፣
ትንፋሽ።

የተኛ ሰው ትንፋሽ አይደለም።
ምስክር ቃሉን ከመስጠቱ በፊት የሚስበውን አየር
አውቀዋለሁ፤ እንጀራዬ ነው።
ለካ ይህን ሁሉ ሌሊት ነቅቶ ኖሯል፣
የዚያች ወፍጮ ጩኸት እሱን ደብቆልኝ ኖሯል።

የቀኝ ጆሮዬንም ነጻ አወጣሁ፤
የተከሳሹን ጎረቤት «እኔ ያየሁት...» ላይ አቆምኩት።
«ሙራድ» አልኩ።

ቀስ ብሎ ዞረ።